ባዶው ረድፍ፦ በተተከለ ደን ውስጥ ዕድገትንና ሞትን ስለ መለካት

የመስክ ደብተሩ ስምንት ዓምዶች አሉት፤ የናሙና ቦታ ቁጥር፣ የዛፍ ቁጥር፣ ዝርያ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የሚለካ ዲያሜትር፣ ቁመት፣ ቅጠል የለበሰው የግንድ ርዝመት፣ ጤንነትና አስተያየት። የደን ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ሌላ ተመራቂ ለክቶ በተዋቸው የናሙና ቦታዎች ላይ ሁለተኛውን ልኬት ስትጀምር ያሳሰቧት መካከለኞቹ ዓምዶች ነበሩ። ቴፑ በግንዱ ላይ ሳይዛነፍ መዞሩን፣ ተዳፋቱ በቁመት ልኬት ላይ የሚያስከትለውን ስሕተት፣ ቀድሞ በቀለም የተሰመረው የ1.3 ሜትር ምልክት አለመደብዘዙን ደጋግማ ታጣራ ነበር። የመጨረሻውን ዓምድ እንደ ትርፍ ቦታ ቆጠረችው። ጥናቷን ከሁለት ወር በላይ ያዘገየው ግን እርሱ ሆነ።

ደኑ በማዕከላዊው ደጋ፣ ከመኪና መንገድ ብዙም ሳይርቅ በአንድ ኮረብታ ትከሻ ላይ ያረፈ፣ በመንግሥት ይዞታ ሥር ያለ የፈረንጅ ጥድ ነው። ችግኙ በየ2.5 ሜትሩ በረድፍ ስለ ተተከለ፣ መነሻው በሄክታር 1,600 ዛፍ ነበር፤ ጎኑ 20 ሜትር በሆነ አንድ የናሙና ቦታ ውስጥ ደግሞ 64 ይሆናል። በተፈጥሮ ደን ውስጥ አንድ ዛፍ ቢጎድል ቦታውን ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያ ዛፍ ስለ መኖሩ የሚመሰክር የለም። በተተከለ ደን ግን ረድፉ ራሱ ይናገራል። ዓይን መሥመሩን ተከትሎ ሲሄድ ክፍተቱ እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል።

ክፍተት ባጋጠማት ቁጥር ተማሪዋ በአስተያየት ዓምድ ላይ «የለም» ብላ ጻፈች። የቴፑን ጫፍ ይዘው የሚከተሏት አዛውንት የደን ጥበቃ ሠራተኛ ዛፉ ሲለካ ስለ ዛፉ ያወራሉ፤ «የለም» ስትል ግን ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

የዛፍን ዕድገት በቀመር መግለጽ ዛሬ ብዙም አያስቸግርም። ፎን በርታላንፊ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ሕያዋን ዕድገት ያቀረበውን ሐሳብ ሪቻርድስ በ1959 ለእፅዋት እንዲስማማ አድርጎ አሰፋው፤ በ1961 ደግሞ ቻፕማን ተመሳሳዩን ቀመር ስለ ዓሣ ሀብት በጻፈው ጥናት ተጠቀመበት። የደን ባለሙያው ሁሉ የሁለቱን ስም አጣምሮ የሚጠራው ቀመር ግማሽ ዘሩ ከውኃ መውጣቱን ብዙ ተማሪ አያውቅም። ቀመሩ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ዛፉ በመጨረሻ የሚደርስበትን ጣሪያ፣ ወደ ጣሪያው የሚገሠግሥበትን ፍጥነትና የኩርባውን ቅርጽ። በኢትዮጵያም በዚህ መንገድ የተሠራ ሥራ አለ። ፑካላ እና ፖህዮነን እ.ኤ.አ. በ1990 ለማገዶ በተተከለ ነጭ ባሕር ዛፍ ላይ የምርት ሞዴሎችን አሳትመዋል፤ በ2000 ደግሞ የሙኔሳ ደን የፈረንጅ ጥድ የቆመበትን መሬት ለምነት በረጃጅሞቹ ዛፎች ቁመት የሚመዝን ቀመር ታትሟል። አዲስ ተመራማሪ እነዚህን ይዞ ሲነሣ ከባዶ አይነሣም።

ሞት ግን እንዲህ አይገራም። አንድ ዛፍ በየዓመቱ ያድጋል፤ በተለካ ቁጥርም መረጃ ይሰጣል። የሚሞተው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለት ልኬቶች መካከል በየትኛው ዓመት እንደ ሞተ አይታወቅም። አምስት ዓመት ተጠብቆ የሚገኘው የሞት ቁጥር በአንድ የናሙና ቦታ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ምንም። ስለዚህ የዕድገት ሞዴል የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ለሞት አንድ ቋሚ መቶኛ ይመድብና ያልፈዋል። ይህ የስንፍና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መረጃው ራሱ ስስ ነው።

የስሱነቱ ጉዳት ግን ሞትን በማያጠናው ሰው ሥራ ውስጥም ሳይታይ ይገባል። ለምሳሌ ያህል አሥር ዛፎች ቢኖሩ፣ አምስቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ አምስቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢወፍሩ፣ አማካዩ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከቀጫጭኖቹ ሁለቱ ሞተው የቀሩት አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ ሳያድጉ ቢለኩ አማካዩ 16.25 ይሆናል። ደኑ አላደገም፤ ቁጥሩ ግን አድጓል። ከወፍራሞቹ ሁለቱ ቢጎድሉ ደግሞ አማካዩ ወደ 13.75 ይወርዳል፤ የቆመ ዛፍ ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ ሳለ ደኑ የቀጨጨ ይመስላል። በሁለት ጊዜ ልኬት የተገኙ አማካዮችን ብቻ አነጻጽሮ ስለ ዕድገት የሚናገር ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ዕድገት ይሁን ስለ ሞት፣ አንባቢው የሚለይበት መንገድ የለውም።

በችግኝ ደረጃም ጥያቄው ያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ፣ ቁጥሩ ለደን ተመራማሪ የኩርባው የመጀመሪያ ነጥብ ነበር። ኩርባውን የሚሠሩት ከዚያ በኋላ የሚመጡት ቆጠራዎች ናቸው፤ ለቆጣሪው ደግሞ ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ችግኙ ደርቆ ነው፣ በከብት ተበልቶ ነው ወይስ ከመነሻውም አልተተከለም የሚለው ይቀራል። «ጽድቀት» የሚባለው መቶኛ እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታል።

ተማሪዋ ወደ ግቢ ተመልሳ መረጃውን ወደ ኮምፒዩተር ስታስገባ «የለም» የተባለውን ሁሉ ዜሮ፣ ቆሞ የተገኘውን አንድ ብላ መዘገበች። የዲያሜትሩ ዕድገት ሞዴል በመጀመሪያው ሙከራ ደኅና ውጤት ሰጠ። የቁመቱም እንዲሁ። ከዚያ የሞትን ዕድል በሎጂስቲክ ሪግሬሽን አሰላች። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሥራውን ጨረሰ፤ ውጤቱ ግን የተገለበጠ ነበር። ዛፉ በወፈረ መጠን የመሞት ዕድሉ እንደሚጨምር ይናገራል።

ይህ ከሚታወቀው ሁሉ ጋር ይጋጫል። እኩል ዕድሜ ባላቸው ዛፎች መካከል የሚደረገው ሽሚያ የብርሃን፣ የውኃና የቦታ ሽሚያ ነው፤ በሽሚያው የሚሸነፈው ከላይ የተሸፈነው ቀጭኑ ዛፍ ነው። ራይነኪ እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳየው፣ በሙላት በቆመ ደን ውስጥ የዛፉ ቁጥር ከአማካይ ዲያሜትሩ ጋር በ1.605 ኃይል ይቀንሳል፤ በቀላል አነጋገር አማካይ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መሬቱ ሊሸከም የሚችለው የዛፍ ቁጥር ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ዮዳና የሥራ ባልደረቦቹ በ1963 ተመሳሳዩን ነገር በእፅዋት ክብደት መዝነው አገኙት። ሞንሰሩድ እና ስቴርባ በ1999 ለኦስትሪያ የደን ዝርያዎች በሠሩት የእያንዳንዱ ዛፍ የሞት ሞዴል ውስጥ ከዲያሜትሩ የገባው ግልባጩ ነው፤ ማለትም አንድ ለዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው። ከእርሱ ጋር የገቡት የዛፉ ቅጠል የለበሰ ክፍል ከቁመቱ ያለው ድርሻና ከዛፉ የሚበልጡ ጎረቤቶቹ ብዛት ናቸው። ጀርመን፣ ጃፓን፣ ኦስትሪያ፣ አሜሪካ፣ በየትም ቢሆን በወጣት ደን ውስጥ በሽሚያ ቀድሞ የሚሞተው ትንሹ ነው። በዚህ ኮረብታ ላይ ብቻ ትልቁ ይሞታል?

አማካሪ መምህሯ ውጤቱን አይተው ብዙ አልተደነቁም። ለመኪና መንገዱ የሚቀርቡት የናሙና ቦታዎች «የተረበሹ» ተብለው ከትንተናው እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። ይህ በደን ምርምር የተለመደ፣ ብዙ ጊዜም ትክክለኛ የሆነ እርምጃ ነው፤ በሽሚያ የሚደርስን ሞት የሚያጠና ሰው ሽሚያ ብቻ ያለበትን ቦታ መፈለጉ አግባብ ነው። ነገር ግን የተረበሹት ቦታዎች ከወጡ በኋላ የሚቀረው ሞዴል የሚተነብየው ማንም ስለማይነካው ደን ነው። የደኑ ሥራ አስኪያጅ የሚያስተዳድረው ግን የሚነካውን ነው። ሞዴሉ በ25ኛው ዓመት ይህን ያህል ሜትር ኩብ ይቆማል ቢል፣ ጨረታው በዚያ ቁጥር ቢወጣ፣ ገዢው መጋዙን ይዞ ሲመጣ የሚያገኘው ሌላ ደን ነው። ተማሪዋ ለመወሰን አንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቀች፤ በሳምንቱም ውስጥ ደብተሩን ይዛ ወደ ኮረብታው ተመለሰች።

በዚህ ጊዜ ቴፕ አልያዘችም። «የለም» ወደ ተባለው ቦታ ሁሉ እየሄደች የመሬቱን ቅጠል በእጇ መግለጥ ያዘች። አብዛኛው ቦታ ጉቶ ነበረው። ጉቶዎቹ ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። ከጉልበት በታች በመጋዝ ልስልስ ብሎ የተቆረጠ አለ፤ በመጥረቢያ ከሁለት ወገን ተመትቶ ጫፉ የሾለ አለ፤ ከነሥሩ ተነቅሎ አጠገቡ የተጋደመና ያበሰበሰ ግንድ አለ። በደኑ ጠርዝ ላይ ለአጥር የተተከለ አንድ የባሕር ዛፍ ረድፍ በናሙና ቦታው ውስጥ ስለ ገባ፣ የእርሱ ጉቶዎች ደግሞ ሦስት አራት ግንድ አቆጥቁጠው ከሰው ቁመት በላይ አድገዋል። በደብተሩ «የለም» የተባለው ባሕር ዛፍ አልሞተም፤ ሥሩ ያው ነው፣ ግንዱ ብቻ ተለውጧል። የፈረንጅ ጥድ ግን ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ሁለቱን ዝርያዎች በአንድ ዜሮ መመዝገብ ምን ያህል ስሕተት እንደ ነበር የገባት እዚያ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ነው።

አዛውንቱ ሠራተኛ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

«አባባ፣ ይህኛው ሲቆረጥ ደርቆ ነበር ወይስ እርጥብ?» አለቻቸው።

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ደብተሩ ተመለከቱ። «ልጄ፣ ሞተ ብለሽ ጻፊው። ስለ ሞተ ዛፍ ማንም አይጠይቀኝም። ተቆረጠ ካልሽ ግን ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«የእርስዎን ስም አልጽፍም። የቦታውንም ስም አልጽፍም።»

«ስሜን ብትተዪው፣ ይህን ጎን የምጠብቀው እኔ መሆኔን የማያውቅ ማን አለ?»

ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበራትም። በስታቲስቲክስ ትምህርት ስለ ስም መደበቅ የተማረችው ሁሉ ሰዎች ብዙ በሆኑበት መረጃ የሚሠራ ነው፤ አንድ ጠባቂ ብቻ ባለበት ኮረብታ ላይ የዛፍ ቁጥር የሰው ስም ማለት ነው። የናሙና ቦታው ከመንገድ ያለው ርቀት በሜትር ከተጻፈ፣ ካርታ የያዘ ሰው በደቂቃ ውስጥ ይደርስበታል። አዛውንቱ ለአንድ ሰው የማይበቃ ሰፊ ደን በእግር የሚጠብቁ፣ ሌሊት ላይ ከብዙ ሰው ጋር ብቻቸውን የሚፋጠጡ ናቸው፤ የጎደለው ግንድ ተቆጥሮ ቢሯቸው ከደረሰ የሚጠየቁት እነዚያ ብዙዎቹ አይደሉም።

ተማሪዋ ደብተሩን ዘጋች። ሁለቱም ጥቂት ዝም ብለው ተቀመጡ። ቆየት ብሎ አዛውንቱ ራሳቸው ተነሥተው ጉቶዎቹን በምርኩዛቸው እየነኩ ማሳየት ጀመሩ። እርጥብ ሆኖ የተቆረጠ ጥድ ከቅርፊቱ ሥር ሙጫ ያለቅሳል፤ ሙጫው ደርቆ ዓመታት ይቆያል። ቆሞ ከደረቀ በኋላ የተቆረጠ ግን ሙጫ አይኖረውም፤ ቅርፊቱ ቀድሞ ስለሚላቀቅ በጥፍር ሲነካ ይወድቃል፣ ከሥሩም የነቀዝ መንገድ ይታያል። ከደረቁት መካከል አንዳንዶቹ ቀድመው ከጫፋቸው እየቡናማ የሄዱ እንደ ነበሩ አስታወሱ። ይህ የጥድ ቅማል የሚባለውን ተባይ ሊያመለክት ይችላል፤ ተባዩ እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ፣ በ1990 በኬንያ ከታየ በኋላ ወደ ኢትዮጵያም የዘለቀ፣ የፈረንጅ ጥድን በብዛት የሚያደርቅ ነው። በዚህ ዓይነት የሚደርስ ሞት ደግሞ ከሽሚያ ሞት የተለየ ነው፤ ለትልቅ ለትንሽ ብዙ አያዳላም።

ስለዚህ «የለም» የተባለው አንድ ቃል ወደ አምስት ተከፈለ። ቆሞ የደረቀ ወይም ወድቆ የበሰበሰ፤ ከደረቀ በኋላ የተቆረጠ፤ ሕያው ሆኖ የተቆረጠ፤ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ፤ ጉቶው ያልተገኘ። «ሕያው ሆኖ የተቆረጠ» የሚለው ማን ቆረጠው አይልም። በቢሮው ፈቃድ ለማሳሳት የተቆረጠውንም፣ ሌሊት ለቋሚና ለወራጅ የተወሰደውንም በአንድ ስም ይጠራል። ይህ ለአዛውንቱ ከለላ ነበር፤ ለሳይንሱ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ደን የሚያሳሳ ባለሙያ በአብዛኛው የሚያስወግደው ቀጫጭኑንና ጠማማውን ነው፤ ለቤት ሥራ የሚቆርጥ ሰው የሚመርጠው ቀጥ ያለውንና ደልደል ያለውን ነው። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ ኃይሎች ናቸው፤ በአንድ ስም ሲጠሩ ከፊል ይጠፋፋሉ። ተማሪዋ ይህን እያወቀች አደባለቀችው። በመመረቂያ ጽሑፏ የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል ውስጥ ሁለቱ አለመለየታቸውንና የውጤቱን ጥንካሬ መቀነሱን ጻፈች፤ የናሙና ቦታዎቹን ቁጥር ቀየረች፤ ከመንገድ ያላቸውን ርቀት ቅርብ፣ መካከለኛ፣ ሩቅ በሚል ብቻ ገለጸች። የበለጠ ትክክል የሆነ ሞዴል በሌላ ሰው እንጀራ ላይ መገንባት ይቻል ነበር። አልገነባችውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የስሌት ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ግን ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ሕያው ሆኖ የተቆረጠ ዛፍ ለሞት ሞዴል ምንድን ነው? የሞተ ነው ቢባል ሐሰት ነው፤ ከመረጃው ቢወጣ ደግሞ እስኪቆረጥ ድረስ የኖረው ዘመን አብሮ ይጠፋል። ካፕላን እና ማየር እ.ኤ.አ. በ1958 ለሕክምና ጥናት ያቀረቡት መፍትሔ እዚህ ይሠራል፤ ክትትሉ የተቋረጠበት ሕመምተኛ እስከ ተቋረጠበት ቀን ድረስ በሕይወት እንደ ነበር ይቆጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ እርሱ ምንም አይባልም። ዘዴው ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የተቋረጠው ሰው ከቀሩት በጤናው የተለየ መሆን የለበትም። የተቆረጠው ጥድ ግን የተለየ ነው። የተመረጠው ጤነኛ፣ ቀጥ ያለና ፈጣን በመሆኑ ነው፤ ባይቆረጥ ኖሮ ከሁሉ የመሞት ዕድሉ ያነሰ እርሱ ነበር። ስለዚህ በሽሚያ መሞትንና በሰው መወገድን ጎን ለጎን እንደሚሽቀዳደሙ ሁለት መንገዶች አድርጎ ለእያንዳንዱ የራሱን ቀመር መሥራት ግድ ሆነ።

የተወገደው ዛፍ ጎረቤቶችም አሉ። ትልቁ ሲቆረጥ ሥሩ ተሸፍነው የነበሩት ብርሃን ያገኛሉ፤ በመጀመሪያው ልኬት የተሰላው የሽሚያ መጠን በሁለተኛው ልኬት ጊዜ እውነት አይደለም። ለሞት ከታጩት ቀጫጭን ዛፎች አንዳንዶቹ በሌላ ሰው መጥረቢያ ምክንያት ተርፈዋል። በመጀመሪያው የተገለበጠ ውጤት ውስጥ ይህም እጁ ነበረበት፤ ትልልቁ መሰረቁ ብቻ ሳይሆን ትንንሹ በእርሱ ምክንያት መትረፉም ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ ለሁሉም ተመራቂ ሊነገር የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም በብዙ ጽሑፍ ውስጥ አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ ግማሹ ከሞተ፣ በዓመት አሥር በመቶ ሞተ ማለት አይደለም። በየዓመቱ አሥር በመቶ ቢሞት ኖሮ በአምስተኛው ዓመት 59 በመቶ ያህሉ ይቀር ነበር። ሞት እንደ ወለድ የሚሰላው ከቀሪው ላይ ነው፤ ትክክለኛው የዓመት መጠን ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። የናሙና ቦታዎቹ አንዳንዶቹ በአምስት፣ አንዳንዶቹ በስድስት ዓመት ከተለኩ ደግሞ የመትረፍ ዕድሉን በዓመታቱ ቁጥር ኃይል ከፍ አድርጎ በሞዴሉ ውስጥ ማስገባት እንጂ ማካፈል አይበቃም።

አዲሱ ትንተና ሲጠናቀቅ የዲያሜትሩ ምልክት ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በሽሚያ የሚሞተው ቀጭኑ ሆኖ ተገኘ። የደስታው ዕድሜ ግን አጭር ነበር። የተቆረጡት ከተለዩ በኋላ በእርግጥ ሞቱ የሚባሉት እጅግ ጥቂት ስለሆኑ የግምቱ የስሕተት ክልል ሰፊ ሆነ፤ ተማሪዋ ምልክቱን እንጂ መጠኑን በልበ ሙሉነት መናገር አልቻለችም። በሰው የመወገድ ቀመሩ በተቃራኒው ጠንካራ ነበር፤ በወፍራሙና ለመንገድ በሚቀርበው ላይ ያዘነብላል። ለተፈጥሮ ሞት ሞዴል ልትሠራ የወጣች ተማሪ በእጇ የቀረው የመቆረጥ ሞዴል ነው። በመከላከያው ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ ርዕሱ ከይዘቱ ጋር አይሄድም አሉ። ርዕሱ ተለወጠ።

ከአምስቱ ስሞች መካከል የመጨረሻው፣ ጉቶው ያልተገኘ፣ አንድ ዛፍ ብቻ ነበረው። በቀድሞው ደብተር ዲያሜትሩም ቁመቱም ተጽፏል፤ ቁጥሩ ከግራው ዛፍ ቁጥር ጋር ተከታታይ ነው። በቦታው ግን ጉቶ የለም፣ የተነቀለ ሥር የለም፣ ጉድጓድም የለም። ምናልባት የቀድሞው ተመራቂ አንዱን ዛፍ ሁለት ጊዜ ለክቶታል፤ ምናልባትም ቁጥሩ ከሌላ ረድፍ ተሻግሮ ተጽፏል። አዛውንቱ ቦታውን ዞር ዞር ብለው አዩትና እዚህ ዛፍ ኖሮ አያውቅም አሉ። ተማሪዋ በመጨረሻው ዓምድ ላይ «ጉቶ አልተገኘም፤ ምክንያቱ አልታወቀም» ብላ ጻፈች፤ ቀኑን አስፍራ ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈች።